ረጅሙ ስም አይደለም ሚያስቸግረው

ሰው ስራሽ ምንድነው ሲለኝ የፈረንሳይኛ የኬሚስትሪ ሰነድ ወደ እንግሊዝኛ እተረጉማለሁ እላለሁ፣ ከዛ መልሱ ሁሌም ያው ነው፣ "ኧረ እነዛን ረጃጅም ስሞች እንዴት ትችያቸዋለሽ!" እውነቱን ልንገራችሁ፣ ረጃጅሞቹ ምንም አይሉኝም። መሀሉ ላይ ቁጥርና ሰረዝ የተሰገሰገበት ባለ አርባ ፊደል ስም ሲመጣ እንደውም እፎይ ነው የምለው። ላብ በላብ የሚያደርገኝ አጭሩ ነው። ሱድ፣ ኤተር፣ ኤሳንስ፣ ዳንሲቴ፣ ዶዛዥ... ማንም ሰው አይቶ "እቺንማ አውቃታለሁ" ብሎ የሚያልፋቸው ቃላት፣ ጉድ የሚሰሩት እነሱ ናቸው።

ስራውን ለማታውቁት ባጭሩ፣ አራት ኪሎ ኬሚስትሪ ተምሬ ነው የወጣሁት፣ አሁን ሞንትሪያል ነኝ። ካናዳ ውስጥ አደገኛ ኬሚካል ለስራ ቦታ የሚሸጥ ሁሉ የደህንነት መረጃ ሰነዱን (ኤስዲኤስ ነው ሁሉም ሚለው) በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም ማቅረብ በህግ ግዴታው ነው፣ ስለዚህ ኬቤክ (ሞንትሪያል ያለችበት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ክፍለ ሀገር) ውስጥ በፈረንሳይኛ የተጻፈው ሁሉ እንግሊዝኛ ይፈልጋል። በዛ ላይ ከፈረንሳይ የሚመጣ የላብራቶሪ አሰራር አለ፣ የውሃ ምርመራ ውጤት አለ፣ አንዳንዴ ደግሞ የሆነ የድሮ ፋብሪካ መዝገብ ይመጣል፣ እሱ ሲመጣ እኔ ደስ ይለኛል፣ ለምን እንደሆነ ታያላችሁ።

ረጅሙ ስም የቀለለው ስርዓቱን የሰሩት ራሳቸው ፈረንሳዮች ስለሆኑ ነው። ድሮ የኬሚካል ስም ማለት በቃ ሰው ደስ ያለውን የሚለጥፍበት ነበር፣ ሌድ አሲቴትን "የሳተርን ስኳር" ይሉት ነበር (ስለሚጣፍጥ ነው፣ መርዝነቱ ግን አልቀረም)፣ ዚንክ ኦክሳይድ ደግሞ "የዚንክ አበባ"። በ1787 (እዚህ የምጽፈው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው) ፓሪስ ላይ ጊቶን ደ ሞርቮ፣ ላቯዚዬ፣ ቤርቶሌና ፉርክሯ የሚባሉ አራት ሰዎች ሆነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ስሙ ውስጡ ምን እንዳለ ይናገር አሉ። መጽሐፋቸው በዓመቱ እንግሊዝኛ ሆነ፣ የላቯዚዬ ዋናው መጽሐፍ ደግሞ በ1789 ወጥቶ በ1790 ሮበርት ከር በሚባል ሰው ተተርጉሞ ኤድንብራ ታተመ። እንግሊዞቹ ሌላ ስርዓት አልፈጠሩም፣ የቃሉን ጭራ አስተካክለው እንዳለ ወሰዱት፣ እኛ ዛሬ አራት ኪሎ የተማርነውም እሱኑ ነው።

በነገራችን ላይ ከዛ ሁሉ ሰው ለኔ የምትበልጥብኝ ማሪ-አን ላቯዚዬ ናት፣ ሚስትየዋ። እንግሊዝኛ ተምራ ለባሏ ትተረጉምለት ነበር። ሪቻርድ ከርዋን የሚባል የአየርላንድ ኬሚስት ስለ ፍሎጂስተን፣ ማለትም ነገር ሲነድ ከውስጡ ተለይቶ የሚወጣ ነገር አለ ስለሚለው የድሮ ሀሳብ፣ እየተከላከለ የጻፈውን መጽሐፍ በ1788 ወደ ፈረንሳይኛ መለሰችው፣ እነ ላቯዚዬ እየተከታተሉ ማፍረሻቸውን ጨመሩበት፣ ያ ማፍረሻ ደግሞ ተመልሶ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመና ከርዋን ከጥቂት ዓመት በኋላ ራሱ ፍሎጂስተንን ተወው። ትርጉም እኮ ቃል መቀየር ብቻ ነው ለሚሉኝ ሰዎች ይቺን ነው የምነግራቸው።

እና ህጉ ቀላል ነው ያልኩት እንዲህ ነው፣ ፈረንሳይኛው ከኋላ ነው የሚጀምረው፣ ክሎሩር ደ ሶድዮም፣ ትገለብጡታላችሁ ሶዲየም ክሎራይድ። "ኡር" ብሎ ያለቀው "አይድ" ይሆናል፣ "ኢክ" ያው "ኢክ" ነው፣ "ኧ" ብሎ ያለቀው "አስ" ይሆናል፣ ፌርኧ ፌረስ (የሚጋለበው አይደለም)። አሲድ ክሎሪድሪክ ላይ ደግሞ ቃሉ ራሱ ውስጡ ይገለበጣል፣ ክሎር ቀድሞ ኢድር የነበረው ሃይድሮ ቀድሞ ክሎሪክ ይሆናል፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ። ሲያኒድሪክ ሃይድሮሲያኒክ፣ ፍሉኦሪድሪክ ሃይድሮፍሉኦሪክ፣ እያለ ይሄዳል፣ አንዴ እጃችሁ ከለመደ ቡና እየጠጣችሁ ትሰሩታላችሁ። ህጉ የሚሳሳትባቸው አሉ፣ ሱልፉር ሰልፈር አይደለም ሰልፋይድ ነው፣ ሰልፈር ራሱ ሱፍር ነው ሚባለው። ኢድሮካርቡርን በህጉ ከሄዳችሁ "ሃይድሮካርባይድ" ልትሉት ነው፣ እሱ ግን ሃይድሮካርቦን ነው። ሺሚ ሚኔራል የሚለውን "ሚኔራል ኬሚስትሪ" ብሎ የተረጎመ ሰው ስራ አርሜ አውቃለሁ፣ ስለ ድንጋይ የሚያወራ ነው የሚመስለው፣ ኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ነው እንጂ።

ከነዛ ሰዎች ስሞች ውስጥ እንግሊዞቹ መጨረሻ ላይ እምቢ ያሉት ትልቅ ስም አለ፣ አዞት። ናይትሮጅን ማለት ነው። ከግሪክ "ህይወት የለሽ" ከሚል ነው ያወጡት፣ እንስሳ እሱ ብቻ ያለበት ቦታ ብታስገቡት ስለሚሞት። የሚገርመው ናይትሮጅን የሚለው ስምም የፈረንሳይ ስራ ነው፣ ሻፕታል የሚባል ኬሚስት ነው በ1790 ያወጣው፣ እንግሊዞቹ ለተወሰነ ጊዜ አዞት ሲሉ ቆይተው ወደዚህኛው ሄዱ፣ ፈረንሳዮቹ ግን ይኸው እስከዛሬ አዞት ናቸው። የድሮ መጽሐፎቻቸው ላይ ምልክቱ ራሱ ኤን ሳይሆን ኤ-ዜድ ነው፣ ቤሪሊየምንም ግሉሲንዮም ብለው ጂ-ኤል ይጽፉት ነበር፣ ስለዚህ የመቶ ዓመት መዝገብ ይዛችሁ ጂ-ኤል ካያችሁ ፔሪዮዲክ ቴብል ላይ አትፈልጉት። ቱሉዝ ከተማ ሴፕቴምበር 21 ቀን 2001 ወደ 300 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈንድቶ 31 ሰው የሞተበት ፋብሪካ ስሙ አ-ዜድ-ኤፍ ነበር፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደሎች ይቺው አዞት ናት።

ይሄ ሁሉ ታሪክ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፣ ምክንያቱም አዞቱር የሚባል ቃል አለ። አዞት ናይትሮጅን ከሆነ፣ ኡር ደግሞ አይድ ከሆነ፣ አዞቱር ደ ሶድዮም "ሶዲየም ናይትራይድ" መሆን ነበረበት አይደል? አይደለም። ሶዲየም አዛይድ ነው፣ ናይትራይድ በፈረንሳይኛ ኒትሩር ይባላል። ሶዲየም አዛይድ ላብራቶሪ ውስጥ ናሙና እንዳይበላሽ ተብሎ በትንሹ ይጨመራል፣ ኃይለኛ መርዝ ነው፣ አሲድ ሲነካው ሃይድራዞይክ አሲድ የሚባል መርዝም ፈንጂም የሆነ ነገር ይወጣዋል፣ ከእርሳስና ከመዳብ ቧንቧ ጋር ሲቆይ ደግሞ በትንሽ ነገር የሚፈነዳ ጨው ይሰራል፣ ሲንክ ውስጥ አትድፉት የሚባለው ለዛ ነው። አሁን ሰነዱ ላይ ናይትራይድ ብሎ የተጻፈለት ሰራተኛ ይሄን ከየት አምጥቶ ያውቃል?

ሱድ። ይቺን ስንቱ "ሶዳ" ብሎ ያልፋታል መሰላችሁ። የፈረንሳይ ኬሚስት ሱድ ሲል በአብዛኛው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ማለቱ ነው፣ እኛ ኮስቲክ ሶዳ የምንለው። እንግሊዝኛው ላይ ሶዳ ብቻውን ከተጻፈ ማጠቢያው ካርቦኔት ይሁን መጋገሪያው ባይካርቦኔት ይሁን የሚጠጣው ይሁን በምን ይታወቃል። ፖታስ ደግሞ የባሰ ነው፣ ፈረንሳዩ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድን ነው ፖታስ የሚለው፣ እንግሊዝኛው ፖታሽ ግን በተለይ ካናዳ ውስጥ ማዳበሪያ ነው፣ ሳስካቸዋን የሚባል ክፍለ ሀገር ከመሬት የሚቆፈረው ጨው። አንደኛው ቆዳ ያቃጥላል፣ ሌላኛው እርሻ ላይ ይበተናል። እንዴት እንዲህ ሆነ ካላችሁ፣ በ1787 አራቱ ሰዎች እነዚህን ሁለቱን መበተን አልቻሉም፣ ውስጣቸው ምን እንዳለ ስላልታወቀ የሳሙና ሰሪው ስም እንዳለ ተተወ። እንግሊዛዊው ኬሚስት ዴቪ በ1807 በኤሌክትሪክ ፖታሲየምንም ሶዲየምንም አወጣቸው፣ ስማቸውም ተስተካከለ፣ የላብራቶሪ ሰው አፍ ግን አልተቀየረም። እኔ እንደታዘብኩት የሚያደናቅፉን ቃላት ባብዛኛው እንደነዚህ ናቸው፣ ስርዓቱ ሳይነካቸው ያለፈው፣ የፋርማሲስቱ፣ የቀለም ነካሪው፣ የሳሙና ፋብሪካው ቃል።

ሱድ በፋብሪካ ሲሸጥ ሌሲቭ ደ ሱድ ይባላል። ሌሲቭ ደግሞ በየቤቱ ልብስ ማጠቢያ ነው፣ ስለዚህ የሚተረጉም ማሽን ካልተጠነቀቀ "የሶዳ ላውንድሪ" ሊያደርገው ይችላል፣ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሶሉሽን ነው። ጎኑ ላይ "36 ዲግሪ ቦሜ" ይላል፣ ቦሜ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ፈረንሳዊ ፋርማሲስት ነው፣ ፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፍ መለኪያ ሰርቶ የራሱን ዲግሪ አወጣ። 36 ቦሜ ማለት ከውሃ 1.33 ጊዜ የሚከብድ፣ ለኮስቲክ ሶዳ ወደ 30% ማለት ነው። አሁን የድሮ የጃቬል ውሃ ጠርሙስ ስታዩ እሱም ላይ 36 ዲግሪ ይላል! ጃቬል ውሃ ማለት ያው እኛ ከጣልያን ወስደን በረኪና የምንለው ነው፣ ጃቬል ፓሪስ ዳር የነበረ ሰፈር ነው፣ መጀመሪያ እዛ ስለተሰራ። የሱ 36 ግን ክሎሮሜትሪክ ዲግሪ ነው፣ አንድ ዲግሪ በሊትር 3.17 ግራም አክቲቭ ክሎሪን፣ ስለዚህ 36ቱ ወደ 114 ግራም ይመጣል፣ በፐርሰንት 9.6 ብለው የሚጽፉት። ሁለት ጠርሙስ፣ ሁለቱም ላይ 36 ዲግሪ፣ ምንም የሚያገናኛቸው ነገር የለም። እንግሊዝኛው አንባቢ ደግሞ ዲግሪ ሲያይ ሙቀት ነው የሚመስለው። እኔ ፐርሰንቱን አስልቼ ዲግሪውን ቅንፍ ውስጥ አደርገዋለሁ፣ ደንበኛው አውጪው ካለኝ አወጣዋለሁ፣ እስካሁን አውጪው ያለኝ ግን የለም።

ከሁሉም የምወዳት (ወይ የምጠላት) ግን አሞንያክ ናት። ፈረንሳይኛ ሁለት አሞንያክ አለው፣ አንደኛው በአንድ ፊደል ያልቃል፣ ሌላኛው በሶስት ፊደል፣ ስትሰሟቸው አንድ ናቸው፣ ፍጹም አንድ! አጭሩ ጋዙ ነው፣ ከዜሮ በታች 33 ላይ የሚፈላው፣ ረጅሙ ጋዙ ውሃ ውስጥ የሟሟበት ፈሳሽ ነው። እንግሊዝኛው ለሁለቱም አሞንያ ይላል፣ ስለዚህ አንሃይድረስ (ውሃ የሌለበት) ወይ ሶሉሽን ብላችሁ እናንተ መጨመር አለባችሁ፣ ከፈረንሳይኛው ላይ የማይታይ ቃል መጨመር ማለት ነው። የጭነት ወረቀት ላይ ዩኤን (ለአደገኛ ጭነት የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ቁጥር ነው) 1005 ካለ ጋዙ ነው፣ 2672 ካለ ከ10 እስከ 35 ፐርሰንቱ ሶሉሽን ነው፣ እኔ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ችግሩ ራሳቸው ፈረንሳዮቹም ፊደሉን ያሳስታሉ። ድምጹ አንድ ከሆነ ምን ያድርጉ።

ኤተር ዛሬ ኤተር ነው፣ የድሮ ሰነድ ላይ ግን ኤስተር የሚባለው ሌላ ዓይነት ውህድም ኤተር ይባል ነበር፣ ኤተር አሴቲክ ካላችሁ ኢታይል አሲቴት ነው። ኤሳንስ ፈረንሳይ ማደያ ላይ ቤንዚን ነው፣ ኤሳንስ ደ ቴሬባንቲን ተርፐንታይን ነው፣ ኤሳንስ ደ ላቫንድ ደግሞ የላቬንደር ዘይት። ፔትሮል ድፍድፍ ነዳጅ ነው፣ ወይ ላምባ፣ እንግሊዝ ሀገር ግን ፔትሮል መኪና ውስጥ የሚገባው ነው። እዚህ ላይ እኛ አበሾች ትንሽ ብልጫ አለን ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ከጣልያን በወረስነው ቤንዚንና በእንግሊዝኛ ኬሚስትሪ ክፍል በተማርነው ቤንዚን፣ ካንሰር በሚያመጣው የካርቦን ቀለበት ማለቴ ነው፣ መሀል ስንጋጭ ነው ያደግነው። ፈረንሳይም ቤንዚን እና ቤንዜን አለው፣ ቤንዚኑ ማሟሟያ ነው፣ ቤንዜኑ ቀለበቱ።

የድሮ መዝገብ ደስ ይለኛል ያልኩት በዚህ ነው፣ ግን እዛው ውስጥ "ኦክሲድ ደ ካርቦን" የሚል አለ። "ካርቦን ኦክሳይድ" ብላችሁ ብትጽፉ ማንም አይቆጣችሁም፣ የትኛው ኦክሳይድ ነው የሚል ግን ይቀራል። መልሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ቤት ዘግቶ ከሰል ያነደደን ሰው የሚገለው። ሌላኛው፣ ዳይኦክሳይዱ፣ ጋዝ ካርቦኒክ ወይ አንኢድሪድ ካርቦኒክ ነው ሚባለው። አንኢድሪድ ሱልፉርኧ ደግሞ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው፣ የወይን ጠጅ ሰዎች አሁንም ይሉታል።

ላብራቶሪ ውስጥ እንግባ። ፈረንሳይኛው "ባሎኑን ከላዩ ላይ ሬፍሪዤራን አድርጋችሁ አሙቁ" ይላል። ባሎን ክብ ቂጥ ያለው ፍላስክ ነው፣ ሬፍሪዤራን ኮንደንሰር ነው። ቃል በቃል ብትሄዱ ፊኛ ላይ የፍሪጅ ጋዝ አድርጋችሁ እያሞቃችሁ ነው፣ አስቡት። ኦት ፊውም ሁድ ነው፣ ኤቱቭ ኦቨን ነው፣ ሶሉስዮን ሜር "ማዘር ሶሉሽን" ሳይሆን ስቶክ ሶሉሽን፣ ኦ ሜር ግን ማዘር ሊከር፣ እዚህ ጋ እናትየዋ ቦታዋ ላይ ትቆያለች። ፓፒዬ ደ ቱርንሶል የሱፍ አበባ ወረቀት አይደለም፣ ሊትመስ ነው፣ ሱፍም ሊትመስም በፈረንሳይኛ አንድ ስም ነው ያላቸው። እነዚህ ያስቃሉ እንጂ አይጎዱም፣ ምክንያቱም አንባቢው ወዲያው ስህተት እንዳለ ያውቃል።

የሚጎዳው የማያስቀው ነው። ዳንሲቴን እዩ። ዴንሲቲ ነው አይደል? አይደለም፣ ሬላቲቭ ዴንሲቲ ነው፣ ከውሃ ጋር፣ ጋዝ ከሆነ ደግሞ ከአየር ጋር ሲነጻጸር፣ አሃድ የለውም። ዴንሲቲ ራሱ ማስ ቮሉሚክ ነው ሚባለው። ለፈሳሽ ብዙም ለውጥ የለውም፣ የውሃ አንድ ስለሆነ ቁጥሩ ይመሳሰላል፣ ስለዚህ ሰው ዓመት ሙሉ ሳይነቃበት ይኖራል። ከዛ አንድ ቀን የክሎሪን ጋዝ ሰነድ ይመጣል፣ ዳንሲቴ 2.5 ይላል። ከአየር ሁለት ተኩል ጊዜ ይከብዳል፣ ማለትም መሬት መሬቱን ይሄዳል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል ማለት ነው፣ ለሰራተኛው ህይወቱ ነው ይሄ መረጃ። "ዴንሲቲ 2.5" ብላችሁ ከጻፋችሁት ግን ኢንጂነሩ በሚሊሊትር 2.5 ግራም ነው የሚመስለው፣ እውነተኛው በሊትር 3 ግራም ገደማ ሆኖ ሳለ። ስምንት መቶ ጊዜ ያህል ልዩነት።

ዶዛዥም እንደዛው ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ታይትሬሽን ወይ አሴይ ነው፣ ምን ያህል እንዳለ መለካት። የመድሃኒት ፓኬት ላይ ደግሞ የክኒኑ ጉልበት ነው፣ 500 ሚሊግራም የሚለው። እንግሊዝኛው ዶሴጅ፣ በቀን ስንት ጊዜ የሚለው፣ በፈረንሳይኛ ፖዞሎዢ ነው። ከተርታው ቋንቋ ደግሞ ኤቫንቱኤልማን አለች፣ ኢቨንቹዋሊ ትመስላለች፣ "ካስፈለገ" ማለት ናት። አንድ አሰራር ላይ "ካስፈለገ አሲድ ጨምሩ" የነበረው "በመጨረሻ አሲድ ጨምሩ" ሆኖ አይቻለሁ፣ ሌላ ሰው የሰራውን እንዳስተካክል ተልኮልኝ። ሰዋስዉ ያማረ እንግሊዝኛ ነበር ደግሞ።

ኮማስ። ፈረንሳይኛ ነጥብ የምንጽፍበት ቦታ ኮማ ነው የሚያደርገው፣ ኬቤክም እንደዛው። 1,005 ግራም ተብሎ ከተጻፈ አንድ ግራምና ትንሽ ነው፣ እንግሊዝኛ አንባቢ (እኛም) አንድ ሺ አምስት ብለን ነው የምናነበው። ጽሁፉን ሁሉ ተርጉሞ ቴብሉን እንዳለ ኮፒ የሚያደርግ ስንት አለ። እኔ ቁጥሮቹን ብቻ ለብቻቸው አንድ ዙር አያቸዋለሁ፣ ጽሁፍ ሳላነብ፣ አሰልቺ ነው፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም፣ ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ማድረግ የሚያስቡ ካላችሁ አታድርጉት፣ የኬሚካሉ ስም ውስጥ ያለውንም ኮማ ወደ ነጥብ ይቀይርላችኋል፣ ከዛ ስሙ ይበላሻል።

የውሃ ምርመራ የሚያደርግ ሰው ጋ ስትሄዱ ደግሞ ምህጻረ ቃል ብቻ ነው። ዴ-ሴ-ኦ ሲኦዲ ነው (ቆሻሻውን በኬሚካል ለማቃጠል የሚፈጀው ኦክስጅን)፣ ዴ-ቤ-ኦ ቢኦዲ (ባክቴሪያ ሲበላው የሚፈጀው)፣ ኤን-ቴ-ካ ቲኬኤን (የናይትሮጅን ልኬት)፣ ኤም-ኤ-ኤስ ደግሞ ቲኤስኤስ (ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ነገር)። ቴ-አሽ የሚለው ጠቅላላ የውሃ ጥንካሬ፣ ሃርድነስ ማለቴ ነው፣ በፈረንሳይ ዲግሪ ይሰጣል፣ አንዱ በሊትር 10 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት። ጀርመን የራሱ ዲግሪ አለው ወደ 17.8፣ እንግሊዝም አለው ወደ 14.3፣ ስለዚህ "30 ዲግሪ" ብሎ መተው ምንም አለማለት ነው፣ 300 ሚሊግራም ብላችሁ ጻፉት። ቴ-አ እና ቴ-አ-ሴ አልካሊኒቲ ናቸው፣ የመጀመሪያው ፌኖልፍታሊን በሚባል ቀለም በሚቀይር ጠቋሚ የሚለካው፣ ሁለተኛው ጠቅላላው። የቦይለር ሰዎች ይቺን ካላወቃችሁ ወዲያው ነው ሚያውቁባችሁ።

ኤስዲኤስ ላይ መተርጎም የሌለበት ነገርም አለ። የአደጋ ዓረፍተ ነገሮቹ ኮድ አላቸው፣ ኤች 314 (ቆዳን ክፉኛ ያቃጥላል፣ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል የሚለው) ካለ እንግሊዝኛው በደንብ የተጻፈ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፣ ፈረንሳይኛው "ከባድ" የሚለውን ሁለቴ ቢለውም እንግሊዝኛው አንዴ ነው የሚለው፣ በቃ ከደንቡ ገልብጡ፣ አታሳምሩት። ኢንፍላማብል የሚለውን ግን ተጠንቀቁ፣ በፈረንሳይኛ የሚቀጣጠል ማለት ነው፣ እንግሊዝኛውም ድሮ እንደዛው ነበር፣ ግን "ኢን" ሲያይ የማይቀጣጠል የሚመስለው ሰው ስላለ አሁን ፍላማብል ነው የሚጻፈው። የማይቀጣጠለው በፈረንሳይኛ ኢንኢንፍላማብል ነው፣ አንድ "ኢን" በፍጥነት ስታነቡ ብትዘሉ ትርጉሙ ተገለበጠ።

የሰው ስም ያለባቸው ትንሽ ያዝናናሉ። ሴል ደ ሴኜት የሚባል ጨው አለ፣ ላ ሮሼል ከተማ ካለ የፋርማሲስት ቤተሰብ የመጣ፣ ፈረንሳይኛው ሰውየውን ያዘ፣ እንግሊዝኛው ከተማውን፣ ሮሼል ሶልት። የጋዝ ግፊትና መጠን ህግ ደግሞ ፈረንሳይ ጋ የማርዮት ነው፣ እንግሊዝ ጋ የቦይል፣ ቦይል በ1662 ቀድሞ ነው የጻፈው፣ የኔ ድምጽ ለሱ ነው ግን ፈረንሳይ ጓደኞቼ ፊት አልናገርም።

አሁን ኤአይ አለ፣ ስራሽ አልቀረም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ረጅሙን ስም ከኔ በላይ ፈጣን ነው፣ እክዳለሁ አልልም። አጭሩ ላይ ግን ከጎኑ ያለውን ዓረፍተ ነገር አይቶ ይገምታል፣ ብዙ ጊዜ ይስማማል፣ ሳይስማማ ሲቀር ደግሞ እንግሊዝኛው እንደዛው ልስልስ ያለ ስለሆነ አይታወቅበትም። ለዚህ እኔን የሚያድነኝ ካስ ቁጥር ነው፣ እያንዳንዱ ኬሚካል የራሱ ቁጥር አለው፣ ቋንቋ የለውም። ሱድ አጠገብ 1310-73-2 ካለ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፣ ክርክር የለም። የመጨረሻዋ ዲጂት ደግሞ መቆጣጠሪያ ናት፣ ከሷ በስተግራ ያሉትን ከቀኝ ጀምራችሁ በአንድ፣ በሁለት፣ በሶስት እያላችሁ አባዝታችሁ ደምሩ፣ የድምሩ መጨረሻ ዲጂት እሷ መሆን አለባት። እዚህ 42 ይመጣል፣ መጨረሻው 2፣ ልክ ነው። ደንበኛ ቁጥሩን ሲጽፍ ተሳስቶ እንደሆነ በዚህ ይታወቃል። ለቃሉ ደግሞ ካናዳ ውስጥ የፌዴራሉ ተርሚየም እና የኬቤኩ ትልቁ የቃላት ባንክ አሉ፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ሁለቱንም ከፍቼ ነው የምሰራው።

ካስ ቁጥር በሌለበትስ? የድሮ አሰራር ላይ የለም፣ የሳሙና ፋብሪካ ማስታወሻ ላይ የለም። ያኔ ደንበኛውን መጠየቅ ነው። በቅርቡ የሆነ ትንሽ ሳሙና የሚሰራ ድርጅት አሰራሩን እንግሊዝኛ አድርጊልን ብሎ ላከ፣ መሀሉ ላይ "ፖታስ ጨምሩ" ይላል፣ የቱ ፖታስ እንደሆነ የለም። ለፈሳሽ ሳሙና ስለሆነ ሃይድሮክሳይዱ ነው ብዬ እገምታለሁ፣ ግን ግምት ነው፣ እና "ፖታስ ስትሉ ሃይድሮክሳይዱን ነው ካርቦኔቱን?" ብዬ ኢሜይል አደረግኩ። መልሱ ወዲያው መጣ፣ "ያው የተለመደውን ፖታስ ነዋ"። እሺ፣ የገዛችሁበትን ደረሰኝ ላኩልኝ አልኳቸው። ላኩ። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ፍሌክ፣ 90%።